የኦሲሌተርን ርጋታ በድግግሞሽ ቆጣሪ መለካት፦ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ለሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች የሚስማማ ሥርዓት

አጠቃሎ

የኳርትዝ ኦሲሌተር ርጋታ ከተለጠፈበት የካሊብሬሽን ወረቀት ላይ ብቻ የሚነበብ አይደለም። ኦሲሌተሩ ሲጓጓዝ፣ ኃይል ሲቋረጥበትና አቀማመጡ ሲለወጥ ድግግሞሹ ስለሚቀየር ርጋታው በሚሠራበት ስፍራ ሊለካ ይገባል። ይህ ጽሑፍ ከአገሪቱ ዋና የልኬት ማዕከል ርቆ የሚገኝ ቤተ ሙከራ፣ በተለይም በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች የሚሠራ፣ በአንድ የድግግሞሽ ቆጣሪ፣ በሦስት ኦሲሌተሮችና በአንድ የጂፒኤስ ተቀባይ ተጠቅሞ ተአማኒ ውጤት የሚያገኝበትን መንገድ ያብራራል። ዋናው ነጥብ በቆጣሪው ገጽ ላይ የሚታየው ቁጥር የሚለካው ኦሲሌተር ሥራ ብቻ ሳይሆን የዋቢው፣ የቆጣሪውና የክፍሉ ሙቀት የጋራ ውጤት መሆኑ ነው። እነዚህን ለይቶ ያላሳየ ልኬት፣ አኃዙ ምንም ያህል ቢረዝም፣ ርጋታን ለካ ሊባል አይችልም።

ቁልፍ ቃላት፦ ድግግሞሽ፣ ኦሲሌተር፣ የአለን ልይይት፣ ጂፒኤስ፣ ሥነ ልክ፣ ነቀምቴ

1. መግቢያ

ዘመናዊ የመገናኛ መረብ በጊዜ ስምምነት የቆመ ነው። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ የሚታዩት የሞባይል ማማዎች በመሣሪያዎቻቸው ውስጥ ኦሲሌተር ይዘዋል። ዓለም አቀፉ የሞባይል መስፈርት ሰፊ አካባቢ የሚሸፍን ማማ የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ድግግሞሽ ከተመደበለት ከአንድ ቢሊዮን 50 እጅ በላይ እንዳይርቅ ያዛል። በአንድ ድግግሞሽ ላይ እየተፈራረቁ በሚልኩና በሚቀበሉ መረቦች ደግሞ የማማው ሰዓት ከጋራው ጊዜ ከ1.5 ማይክሮ ሴኮንድ በላይ ሊለይ አይገባም። ይህን የጋራ ጊዜ ከሳተላይት የሚቀበል ማማ ምልክቱ ሲጠፋበት መተማመኛው የራሱ ኦሲሌተር ብቻ ይሆናል።

በዚያን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ኦሲሌተሩ ለስንት ሰዓት ይታመናል የሚል ነው። አንጻራዊ የድግግሞሽ ስሕተቱ 10⁻¹⁰ ከሆነ 1.5 ማይክሮ ሴኮንዱ በ15,000 ሴኮንድ፣ ማለትም በ4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሞላል። ስሕተቱ 10⁻¹¹ ከሆነ ግን 41 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። ምልክቱ አመሻሽ ላይ ቢጠፋ የመጀመሪያው እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ከስምምነቱ ይወጣል፤ ሁለተኛው ግን ጠጋኝ ባለሙያ በማግሥቱ መንገድ ጀምሮ እስኪደርስ ድረስ ይጠብቃል። ሁለቱን ኦሲሌተሮች በዓይን መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው ልኬት ብቻ ነው።

ልኬቱን ወደ አዲስ አበባ ልኮ ማስደረግ ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። የአገሪቱን የልኬት ዋቢዎች የሚጠብቀው የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የሚገኘው በዚያው ነው፤ ነቀምቴም ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ሆኖም ኦሲሌተር እንደ ሚዛን ድንጋይ ተጠቅልሎ ተልኮ እንዳለ የሚመለስ ዕቃ አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ክሪስታል የስበትን አቅጣጫ ይሰማል። ለአንድ የስበት ፍጥንጥነት የሚያሳየው ለውጥ በጥሩ ኦሲሌተር 10⁻⁹ አካባቢ ነው፤ ኦሲሌተሩ ተገልብጦ ሲቀመጥ ለውጡ የዚህ እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ኃይል ተቋርጦበት የቀዘቀዘ ክሪስታል እንደገና ሲሞቅ ወደ ቀድሞው ድግግሞሹ በትክክል አይመለስም። ሦስተኛ፣ በመንገድ ላይ የሚደርስበት ንዝረትና የሙቀት መለዋወጥ የክሪስታሉን መያዣ ውጥረት ይለውጣል። በመሆኑም በ10⁻⁷ ደረጃ ለሚሠራ ሰው ከአዲስ አበባ የመጣው ወረቀት በቂ ነው፤ ከ10⁻⁹ በታች ለሚፈልግ ግን ወረቀቱ የሚናገረው መሣሪያው እዚያ ሳለ ስለነበረው ጠባይ ነው።

2. የድግግሞሽ ቆጣሪ ምን ይለካል?

ቆጣሪ ሲባል አስቀድሞ ወደ ሐሳብ የሚመጣው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የመብራት ቆጣሪ ነው። የድግግሞሽ ቆጣሪ ግን የሚቆጥረው ያለፈውን የኃይል መጠን ሳይሆን የሞገዱን ዑደቶች ነው። ጥንታዊው ዓይነት በራሱ ሰዓት እየተመራ አንድ በር ለ1 ሴኮንድ ይከፍታል፤ በበሩ ያለፉትን ዑደቶች ይቆጥራል፤ ከዚያ ይዘጋል። በሩ የሚከፈተውም ሆነ የሚዘጋው በዑደት መካከል ሊሆን ስለሚችል ውጤቱ በአንድ ቆጠራ ይሳሳታል። ለ10 ሜጋኸርዝ ምልክት አንድ ቆጠራ ማለት 10⁻⁷ ነው። በዚህ ዓይነት ቆጣሪ 10⁻¹⁰ን ለመለየት በሩን ለ1,000 ሴኮንድ መክፈት ያስፈልጋል።

ተገላቢጦሽ የሚባለው ቆጣሪ ጥያቄውን ያዞረዋል። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ዑደት አለፈ ብሎ በመጠየቅ ፈንታ የተወሰኑ ሙሉ ዑደቶች ለማለፍ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው ይላል። የውስጥ ሰዓቱ 100 ሜጋኸርዝ ከሆነ ጊዜውን በ10 ናኖ ሴኮንድ ስለሚለይ በ1 ሴኮንድ ውስጥ 10⁻⁸ ይደርሳል፤ ይህም ምልክቱ 10 ሜጋኸርዝም ሆነ 50 ኸርዝ አይለወጥም። ከዚህ የተሻሉት የሰዓቱን አንድ ምት በኤሌክትሮኒክስ መልሰው ይከፋፍላሉ። ለምሳሌ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የታወቁት የሂውሌት ፓካርድ 53131ኤ እና 53132ኤ በነጠላ ልኬት በቅደም ተከተል 500 እና 150 ፒኮ ሴኮንድ ይለያሉ። በ1 ሴኮንድ ሲሰላ ይህ 5×10⁻¹⁰ እና 1.5×10⁻¹⁰ ይሆናል።

በሁሉም ዓይነቶች ዘንድ አንድ የጋራ ነገር አለ፦ ቆጣሪ ብቻውን ምንም አይለካም። የሚያደርገው ሁለት ኦሲሌተሮችን፣ የሚለካውንና ዋቢውን፣ ማነጻጸር ነው። ገጹ ላይ የታየው ቁጥር ሲወዛወዝ ከሁለቱ የትኛው እንደተንቀሳቀሰ ቁጥሩ አይናገርም። የውስጥ ዋቢው ተራ ክሪስታል በሆነ ቆጣሪ ምድጃ ውስጥ የተቀመጠ ኦሲሌተርን የሚለካ ሰው፣ በእውነቱ ቆጣሪውን በኦሲሌተሩ እየለካ ነው።

3. ርጋታ በአኃዝ እንዴት ይገለጻል?

ትክክለኛነትና ርጋታ የተለያዩ ናቸው። በየቀኑ ሳያዛንፍ 5 ደቂቃ የሚቀድም የግድግዳ ሰዓት ትክክለኛ አይደለም፤ የረጋ ግን ነው፤ ባሕርዩን ያወቀ ሰው አስተካክሎ ሊጠቀምበት ይችላል። ርጋታ ማለት እንግዲህ ኦሲሌተሩ ከትናንቱ ከራሱ ጋር የሚኖረው ስምምነት ነው።

የንባቦችን መበታተን ለመግለጽ የተለመደው መደበኛ ልይይት ለኦሲሌተር አይመችም። ክሪስታል ያረጃል፤ ድግግሞሹም ቀስ በቀስ በአንድ አቅጣጫ ይንሸራተታል። ልኬቱ በረዘመ ቁጥር መደበኛ ልይይቱ እያደገ ይሄዳል እንጂ በአንድ ዋጋ ላይ አይረጋም። ይህን ችግር የፈታው በኮሎራዶ ቦልደር ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ አለን ነው። እርሱ በ1966 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስሌት እያንዳንዱን ንባብ ከጠቅላላው አማካይ ጋር ሳይሆን ከቀጣይ ጎረቤቱ ጋር ያነጻጽራል። የጎረቤታማቾቹ ልዩነት ዳግም ርቢ ይወሰዳል፤ የእነዚህ አማካይ ለ2 ይካፈላል፤ የውጤቱ ዳግም ዘር የአለን ልይይት ይባላል።

ስሌቱን በትንሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ከ10 ሜጋኸርዝ የተለኩ ሰባት ተከታታይ አንጻራዊ ልዩነቶች በ10⁻¹⁰ አሃድ 3፣ 5፣ 4፣ 8፣ 6፣ 7 እና 9 ናቸው እንበል። አማካያቸው 6 ነው፤ መደበኛ ልይይታቸው 2.2 ይመጣል። የጎረቤታማቾቹ ልዩነት ግን 2፣ −1፣ 4፣ −2፣ 1 እና 2 ነው። የዳግም ርቢያቸው ድምር 30፣ አማካዩ 5፣ ለ2 ሲካፈል 2.5፣ ዳግም ዘሩ 1.6 ይሆናል። ስለዚህ የአለን ልይይቱ 1.6×10⁻¹⁰ ነው። በሁለቱ ውጤቶች መካከል ያለው ልዩነት የመጣው ንባቦቹ በጥቅሉ ወደ ላይ በመንሸራተታቸው ነው።

የአለን ልይይት አንድ ቁጥር ሳይሆን መሥመር ነው። ለ1፣ ለ10፣ ለ100 እና ለ1,000 ሴኮንድ አማካዮች ለየብቻ ይሰላል፤ የመሥመሩ ቅርጽም የኦሲሌተሩን ሕመም ይናገራል። አማካዩ አሥር እጥፍ ሲረዝም ልይይቱ አሥር እጥፍ ከቀነሰ፣ ያ ባብዛኛው የቆጣሪው ወይም የማጉያው ሁከት፣ በተለምዶ ኖይዝ የሚባለው፣ እንጂ የክሪስታሉ ጠባይ አይደለም። መሥመሩ ወርዶ ጠፍጣፋ ሲሆን የክሪስታሉ የራሱ ወለል ይታያል። እንደገና ወደ ላይ ሲወጣ ሙቀት ወይም እርጅና ሥራውን ጀምሯል።

4. የቆጣሪውን ወለል ማወቅ

ከማንኛውም ልኬት በፊት መታወቅ ያለበት ቆጣሪው ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከአንድ ኦሲሌተር የሚወጣው ምልክት ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ዋቢ መግቢያው፣ ሌላው በረዘመ ገመድ ወደ መለኪያ መግቢያው ይገባል። የኦሲሌተሩ መወዛወዝ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚመጣ ይሰረዛል፤ የቀረው የቆጣሪው ነው። ይህ መሥመር በግራፉ ላይ ከዋናው ልኬት ጋር አብሮ መሣል አለበት። ሁለቱ መሥመሮች በተቀራረቡበት ስፍራ ሁሉ ስለ ኦሲሌተሩ የሚባል ነገር የለም።

በዚህ ረገድ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ብዙ ዘመናዊ ቆጣሪዎች በአንድ የበር ጊዜ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ልኬቶችን ወስደው በመደባለቅ ብዙ አኃዝ ያሳያሉ። ኤንሪኮ ሩቢዮላ በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው እንዲህ ያለው ቆጣሪ በበሩ መካከል ላለው ጊዜ የበለጠ ክብደት ስለሚሰጥ፣ ከንባቦቹ የሚሰላው ልይይት የአለን ልይይት አይደለም፤ ከእውነተኛው ያነሰና ኦሲሌተሩን የሚያሳምር ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛው ወጥመድ ቆጣሪው አንዱን ንባብ ወደ ኮምፒዩተር እስኪልክ ሳይቆጥር የሚያሳልፈው ባዶ ጊዜ ነው። የአለን ስሌት የሚሠራው ንባቦቹ ያለ ክፍተት ሲከታተሉ ነው።

ሁለቱንም ወጥመዶች የሚያስቀረው መንገድ ድግግሞሽን ትቶ ጊዜን መለካት ነው። የኦሲሌተሩ 10 ሜጋኸርዝ በዲጂታል አካፋይ ለ10 ሚሊዮን ተካፍሎ በሴኮንድ አንድ ምት እንዲሰጥ ይደረጋል። ቆጣሪው በዚህ ምትና በዋቢው ምት መካከል ያለውን የጊዜ ርቀት በየሴኮንዱ ይመዘግባል። በዚህ መዝገብ ውስጥ የሚጠፋ ጊዜ የለም፤ አንድ ንባብ ቢዘለል እንኳ ቀጣዩ የጠቅላላውን ጉዞ ድምር ይዞ ይመጣል።

5. ርካሽ ቆጣሪን ማጎልበት

የ10 ናኖ ሴኮንድ ቆጣሪ ብቻ ያለው ቤተ ሙከራ ተስፋ አይቆርጥም። ሁለቱን ኦሲሌተሮች፣ አንዱን ሆን ብሎ በ10 ኸርዝ ፈቀቅ በማድረግ፣ ወደ ሚክሰር በማስገባት የልዩነታቸውን 10 ኸርዝ ሞገድ ማውጣት ይቻላል። የ10 ሜጋኸርዙ ጥቃቅን መወዛወዝ በሙሉ ሳይጎድል ወደዚህ ዘገምተኛ ሞገድ ይተላለፋል፤ በአንጻራዊ መጠኑ ግን ሚሊዮን እጥፍ ይጎላል። ቆጣሪው የ0.1 ሴኮንዱን ዑደት በ10 ናኖ ሴኮንድ ሲለይ 10⁻⁷ ነው፤ ወደ 10 ሜጋኸርዝ ሲመለስ 10⁻¹³ ይሆናል።

ይህ ስሌት በወረቀት ላይ እንደሚያስደስት በሥራ ላይ አይገኝም። ምክንያቱም 10 ኸርዝ ሞገድ ዜሮን የሚያቋርጠው በዝግታ ነው። የሞገዱ ከፍታ 1 ቮልት ቢሆን ቁልቁለቱ በሴኮንድ 63 ቮልት ያህል ብቻ ነው። በመሥመሩ ላይ 1 ሚሊ ቮልት ኖይዝ ካለ ቆጣሪው የሚነሣበት ቅጽበት በ16 ማይክሮ ሴኮንድ ይዛባል፤ የመጨረሻው ውጤትም ወደ 1.6×10⁻¹⁰ ይበላሻል። ኖይዙ ወደ 1 ማይክሮ ቮልት ከወረደ ግን 1.6×10⁻¹³ ይደረሳል። ስለዚህ ገንዘብና ትጋት ሊውል የሚገባው በቆጣሪው አኃዝ ብዛት ላይ ሳይሆን ከሚክሰሩ ቀጥሎ ባለው ማጣሪያና ደረጃ በደረጃ በሚያጎላ ማጉያ ላይ ነው። የ50 ኸርዝ የመብራት ኃይል ሞገድ ወደዚህ መሥመር እንዳይገባ ኦሲሌተሮቹንና ማጉያውን በባትሪ ማንቀሳቀስ፣ ገመዶቹንም ማሳጠር ይመከራል።

6. ጥሩ ዋቢ በሌለበት፦ ሦስቱን ማፋጠጥ

ከሚለካው የተሻለ ዋቢ ሲኖር ሥራው ያልቃል። ሳይኖር ግን በደረጃ የሚቀራረቡ ሦስት ኦሲሌተሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይነጻጸራሉ። ሀ፣ ለ እና መ ብንላቸው፣ የሁለት ኦሲሌተሮች ንጽጽር የአለን ልይይት ዳግም ርቢ የሁለቱ የየግል ዳግም ርቢዎች ድምር ነው። ስለዚህ የሀ የግል ድርሻ ሀ ከለ እና ሀ ከመ ተደምረው፣ ለ ከመ ተቀንሶላቸው፣ ለ2 ሲካፈሉ ይገኛል።

በ10⁻¹¹ አሃድ የንጽጽሮቹ ዳግም ርቢዎች ሀ ከለ 13፣ ሀ ከመ 20፣ ለ ከመ 25 ቢሆኑ፣ የሀ 4፣ የለ 9፣ የመ 16 ይሆናል። የየግል ርጋታቸውም በቅደም ተከተል 2፣ 3 እና 4 ጊዜ 10⁻¹¹ ነው። ማንም ከሦስቱ አስቀድሞ የታመነ አልነበረም፤ ሆኖም የእያንዳንዱ ጠባይ ተለይቶ ታወቀ።

ዘዴው የቆመው ሦስቱ እርስ በርስ ሳይመካከሩ ይወዛወዛሉ በሚል ግምት ላይ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የአንዱ መስኮት ፀሐይ ሦስቱንም ካሞቀቻቸው አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ንጽጽሩም የጋራ እንቅስቃሴያቸውን ደብቆ ከእውነቱ የተሻሉ አስመስሎ ያሳያቸዋል። አንዳንዴ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እንዲህ ያለው ውጤት ተደምስሶ በዜሮ የሚተካ ሳይሆን ሙቀቱ ይመርመር የሚል ምልክት ነው።

7. ከሰማይ የሚመጣው ዋቢ

ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ሴኮንድ የሚበየነው በሲዝየም 133 አቶም 9,192,631,770 ዑደቶች ነው። ይህ አቶማዊ ጊዜ ወደ ነቀምቴ በየቅጽበቱ ከሰማይ ይወርዳል፤ የጂፒኤስ ሳተላይቶች አቶማዊ ሰዓቶችን ተሸክመው በ1,575.42 ሜጋኸርዝ ያሰራጩታል። የተቀባዩ የሴኮንድ ምት ግን ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ 20 ናኖ ሴኮንድ ነው ብንል፣ በ1 ሴኮንድ 2×10⁻⁸፣ በ1,000 ሴኮንድ 2×10⁻¹¹፣ በአንድ ቀን 2.3×10⁻¹³ ይሆናል። ኳርትዝ በአጭር ጊዜ የረጋ ሆኖ በረጅሙ ይንሸራተታል፤ ሳተላይቱ በአጭሩ ይንቀጠቀጥና በረጅሙ ይታመናል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለሚሞላ፣ ለአጭር ጊዜ ርጋታ የሦስቱን ንጽጽር፣ ለሰዓታትና ለቀናት ርጋታ ደግሞ ጂፒኤስን መጠቀም ተገቢ ነው።

የወለጋ ሰማይ የራሱ ጠባይ አለው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመግነጢስ ምልከታ ጣቢያ በ1958 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውም ይህን አቀማመጥ ለማጥናት ነው። በዚህ ቀበቶ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር በአረፋ መሰል ጉድጓዶች ይቦረቦራል፤ በዚያ የሚያልፈው የሳተላይት ምልክት ብልጭ ድርግም ይላል። ክስተቱ ቀንና ሌሊት በሚተካከሉባቸው የመጋቢትና የመስከረም ሰሞኖች ይበረታል። ስለሆነም ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት የተመዘገበው ንባብ ከሌላው ተለይቶ መታየት ይገባዋል። ኦሲሌተሩ ማታ ማታ ይታመማል ተብሎ ከመደምደሙ በፊት ሰማዩ ይጠየቅ።

መዝገቡ በምን ሰዓት እንደተጻፈ መግለጽም ግድ ነው። ኮምፒዩተሩ 16:00 ብሎ በዓለም አቀፍ ጊዜ የጻፈው በነቀምቴ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። የሙቀት መዝገቡ በአገር ሰዓት፣ የቆጣሪው በዓለም አቀፍ ሰዓት ከተያዘ መንስኤና ውጤት አይገናኙም።

8. የቦታው ሁኔታ

ሙቀት። በእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው 32,768 ኸርዝ ክሪስታል ከ25 ዲግሪ ሲርቅ በርቀቱ ዳግም ርቢ ልክ ይዘገያል፤ መጠኑ ለአንድ ዲግሪ ዳግም ርቢ ከሚሊዮን 0.035 ያህል ነው። 15 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ይህ በቀን 0.3 ሴኮንድ ነው። ምድጃ ውስጥ የተቀመጠ ኦሲሌተር ይህን በእጅጉ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በደጋማዋ ነቀምቴ የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት ስለሚራራቅ፣ ኦሲሌተሮቹን ወፍራም ግድግዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥና ሙቀቱን ከእያንዳንዱ ንባብ ጋር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ኃይል። ምድጃው በኃይል መቋረጥ አንዴ ከቀዘቀዘ ቀናት ሊወስድ የሚችለው መርጋት ከዜሮ ይጀምራል። ለቆጣሪው ሳይሆን ለኦሲሌተሮቹ ቅድሚያ የሚሰጥ መጠባበቂያ ባትሪ ከሁሉ የሚቀድም ግዢ ነው። በረጅሙ የወለጋ ክረምት መብረቅ ስለሚበዛም የጂፒኤስ አንቴናው ገመድ የመብረቅ መከላከያና ጥሩ የመሬት ግንኙነት ይኑረው።

ከፍታ። በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰዓት ከባሕር ወለል በላይ ለእያንዳንዱ ሜትር 1.1×10⁻¹⁶ ይፈጥናል። 2,080 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ነቀምቴ ይህ 2.3×10⁻¹³፣ በቀን 20 ናኖ ሴኮንድ ነው። ለኳርትዝ ይህ ኢምንት ነው፤ ወደፊት አቶማዊ ሰዓት በዚያ ቢቆም ግን የከተማዋ ከፍታ በስሌቱ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

9. የሥራ ቅደም ተከተል

ለተማሪዎች የመጀመሪያ ልምምድ የሚሆነው የመብራት ኃይሉ ራሱ ነው። የፊንጫ ጣቢያ ተርባይኖች ከሌሎች የብሔራዊው መረብ ጣቢያዎች ጋር እኩል እየዞሩ 50 ኸርዝ ይሰጣሉ፤ በነቀምቴ ሶኬት የሚለካውም በረጅም አማካይ በድሬዳዋ ከሚለካው ጋር አንድ ነው። በማግለያ ትራንስፎርመር ዝቅ የተደረገው ቮልቴጅ ወደ ቆጣሪው ሲገባ የአለን መሥመርን ያለ ውድ መሣሪያ መሣል ይቻላል። አማካዩ በ0.05 ኸርዝ ቢያንስ በመረቡ የሚመራ ሰዓት በቀን 86.4 ሴኮንድ ይዘገያል፤ ተማሪው የአንጻራዊ ስሕተትን ትርጉም በዚህ ይጨብጣል።

ለዋናው ልኬት የሚከተለው ተራ ይመከራል፦

ሀ. ሦስቱ ኦሲሌተሮች በማይነቃነቅ ስፍራ፣ በታወቀ አቅጣጫ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን ሳይጠፉ ይሙቁ።

ለ. የቆጣሪው ወለል በአንድ ምልክት ክፍፍል ይለካ፤ ቆጣሪው አማካይ የሚደባልቅ ከሆነም ይህ ይገለጽ።

ሐ. ከ1 እስከ 1,000 ሴኮንድ ላለው ክልል ሦስቱ ንጽጽሮች ይደረጉ፤ የየግሉ ድርሻ ይሰላ።

መ. ከ1,000 ሴኮንድ በላይ ላለው የኦሲሌተሩ የሴኮንድ ምት ከጂፒኤስ ምት ጋር ያለው ርቀት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይመዝገብ።

ሠ. ሙቀት፣ የኃይል መቋረጥና የምሽት ሰዓቶች በአንድ የጊዜ አቆጣጠር አብረው ይያዙ።

ረ. ውጤቱ የቆጣሪው ወለል በተሣለበት ግራፍ ላይ ይቅረብ። የሁለት ሳምንት መዝገብ የአንድ ቀን ጎረቤታማች ልዩነት 13 ብቻ ስለሚሰጥ፣ በዚያ ጫፍ ያለው ነጥብ ሰፊ የስሕተት ድንበር ይጻፍበት።

10. ማጠቃለያ

ከዋና ከተማ መራቅ ለትክክለኛ የድግግሞሽ ልኬት እንቅፋት ከመሆኑ ይልቅ ልኬቱን በቦታው ለማድረግ ዋና ምክንያት ነው። የአዲስ አበባው ካሊብሬሽን የመለኪያ ሰንሰለቱን መነሻ ያስይዛል፤ ኦሲሌተሩ በሚሠራበት ክፍል፣ ሙቀትና የኃይል ሁኔታ የሚኖረውን ርጋታ ግን ሊተካ አይችልም። ለዚህ የሚያስፈልገው እጅግ ውድ ቆጣሪ አይደለም፤ ወለሉ የታወቀ ቆጣሪ፣ እርስ በርስ የሚመሰካከሩ ሦስት ኦሲሌተሮችና ከምሽት ጠባዩ ጋር የተመዘገበ የሳተላይት ምት ነው። እንዲህ ተደራጅቶ የተገኘ መሥመር ለማማ ተቆጣጣሪው ባለሙያ አንድ ተጨባጭ መልስ ይሰጠዋል፦ ምልክቱ ሲጠፋ ይህ ኦሲሌተር አራት ሰዓት ያቆያል ወይስ አርባ።